የምሥራቁ በርና የቆዳ ፋቂው አሚን

ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ይሁንና፣ ዙሪያዋን በድንጋይ ግንብ የታጠረች አንዲት ጥንታዊ የንግድ ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት ገበያው ሰምሮ፣ ቀረጡ ተትረፍርፎ፣ የሕዝቡ የጋራ ግምጃ ቤት በይተል ማሉ ሞላ። አሚሩም «በምን ላይ እንደሚውል የመስጊዱ ጀመዓ በጁምዓ ተሰብስቦ ይምከርበት፤ ሼህ ሙዘይን ማኅተማቸውን አሳርፈው ይላኩልኝ» አሉ።

ሼህ ሙዘይን ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የሕዝቡን ቃል ለአሚሩ የማድረስ አማና የተጣለባቸው ዓሊም ናቸው። ከዱንያ የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ መካ ሄዶ ካዕባን ማየት። አቅም ግን ከየት ይምጣ!

ቆዳ ፋቂው ይማም ያንን ጁምዓ ቀን እየቆጠረ ነው የጠበቀው። እሱ የሚኖርበት የታችኛው ሰፈር ምንጭ ከደረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይማም ጎህ ሲቀድ ከወንዝ የሚያመጣው ውሃ አልበቃ እያለ፣ የስምንት ወር እርጉዝ የሆነችው ሚስቱ ረውዳም እንስራ አዝላ ዳገቱን ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት ወደቀች፤ አላህ አተረፋት። ሰፈሩን የሚያድነው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ይህን ሊናገር ይማም ሦስት ቀን ሙሉ ለቆዳዎቹ ንግግር ሲያደርግ ሰነበተ።

ጁምዓ ተሰገደ። የመስጊዱ ግቢ መፈናፈኛ አልነበረውም። በከተማዋ ወግ የፊተኛው ሰፍ፣ የፊተኛው የሰጋጆች ረድፍ፣ የባለጸጎች ነው፤ ንግግርም ከዚያው ይጀምራል። ታላቁ ነጋዴ ሐጂ ቡሽራ ተነሱ። ክርክር ውስጥ አልገቡም፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ እንጂ።

«ያ ረብ! የምሥራቁን በር አስፋልን!»

«አሚን!» አለ ጀመዓው።

«መንገዱን በድንጋይ ንጣፍ አሳምርልን!»

«አሚን!»

«ግመሎቻችንን በሰላም አስገባልን!»

«አሚን!»

ግቢው ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ይማም! በዚያች ከተማ ዱዓ ሲደረግ ዝም የሚል አፍ አልተፈጠረማ። ጸሐፊውም ብዕሩን ነክሮ «ጀመዓው በገንዘቡ በሩ ይስፋ ብሏል» ብሎ ጻፈ፤ ሰውም ተበተነ። የምሥራቁ በር የሐጂ ቡሽራ መጋዘኖች የተደረደሩበት መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን አሚን ከአፍ ወጥቷል።

ይማም ነገሩ የገባው ጫማውን ሲያጠልቅ ነው። «ወይኔ! በገዛ አፌ!» አለና አንዱን እግሩን ብቻ እንደተጫማ ወደ ሼህ ሙዘይን ቤት በረረ።

ሐጂ ቡሽራ ግን ቀድመውታል። ወረቀቱ ሼሁ ጉልበት ላይ ተዘርግቷል፣ ማኅተሙም እጃቸው ላይ ነው።

«ሸሆቼ» ይላሉ ሐጂ ቡሽራ፤ «በሚመጣው ወር ግመሎቼ ወደ ወደቡ ይወርዳሉ። በአንዱ ላይ እርስዎ ይቀመጣሉ። ስንቁም መርከቡም በእኔ ነው። ካዕባን ሳያዩማ አይሞቱም!»

የሼሁ ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ያየው ይማም አለቀልን ብሎ ክው አለ። ከዚያ ሰላምታውን እንኳ ረስቶ ከደጃፉ ጮኸ።

«ሸሆቼ! እኔ አሚን ያልኩት ለዱዓው ነው እንጂ ለበሩ አይደለም! እኛን የጠማን ውሃ ነው!»

ሼሁ ይማምን አዩት፤ ወረቀቱንም አዩ። ማኅተሙን ቀስ ብለው ወደ ከረጢቱ መለሱት።

«አላህ ይስጥልኝ ሐጂ» አሉ። «ግን የሰው ሐቅ ተሸክሜ ካዕባ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ጀመዓው እንደገና ይሰብሰብ።»

ተሰበሰበ። ሼህ ሙዘይን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ዛሬ ዱዓው በመጨረሻ ነው። ንግግሩም ከኋላው ሰፍ ይጀምር» አሉ። አዬ ጉድ! የፊተኛው ሰፍ እርስ በርሱ ተያየ። ይማም ከኋላ ነበር። ተነሳ። ቆዳውን የሚገዙት ሐጂ ቡሽራ ናቸው፤ ዞረው ትክ ብለው እያዩት ነው። የሦስት ቀኑ ንግግር ከጭንቅላቱ ብን ብሎ ጠፋ።

«ረውዳ ወድቃለች» አለ። «ጉድጓዱ ይቆፈር።» ይህንኑ ብሎ ተቀመጠ።

ኮርቻ ሰፊው ተነሳ፣ «ጉድጓዱ!» አለ። ሸማኔው ተከተለ። ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ «ጉድጓዱ! ጉድጓዱ!» የሚል ድምፅ ሲያስተጋባ ግቢው «አላሁ አክበር» በሚል ተክቢራ ደመቀ። ይማም እያለቀሰ ይስቅ ነበር።

ሐጂ ቡሽራ ፊታቸው ደም መስሎ ተነሱ። «ከከተማዋ ቀረጥ ግማሹን የምከፍል እኔ ሀሳብ የለኝም ማለት ነው?»

«አለዎት እንጂ ሐጂ» አሉ ሼህ ሙዘይን በለሰለሰ ድምፅ። «አንድ።»

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ሼህ ሙዘይን ካዕባን ሳያዩ ወደ አኼራ ሄዱ፤ የኒያቸውን፣ የልባቸውን ሐሳብ ምንዳ አላህ ያውቃል። ወገኖቼ፣ ሼሁ «አንድ» በምትለው በዚያች ቃል ባለጸጋውን አላዋረዱም፤ ከሰው እኩል አደረጓቸው እንጂ። ሰው በሐላል ሠርቶ ግመሉን ቢያበዛ እሰየው ነው። የሕዝብ ገንዘብ ሲመከርበት ግን የይማምም ድምፅ አንድ ነው፣ የሐጂውም ድምፅ አንድ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ሐጂ ቡሽራ የማንንም አፍ አልዘጉም። አፉን ከፍቶ ያጸደቀላቸው ሕዝቡ ራሱ ነው። ነገ በአላህ ፊት ሀብታሙ ስለ ግመሎቹ ሲጠየቅ፣ እኛ ደግሞ እንጠየቃለን፤ ያቺን አንዷን ድምፅ ምን አደረጋችኋት ተብለን።