ኮፍያ የተሰቀለባት ማርሽ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው ተረት የሚያድረው ጋራዥ ነው።

ጥጋቡ የሚባል ሾፌር ነበር፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልተሳሳቱም። ድንጋይ የአሮጌ ጂፑን ሆድ ቢቧጭርበት፣ የጭነት መኪና የሚያህል ጎማ ገዝቶ አጠለቀላት። ጂፗ ከፍ አለች፤ እሱም አብሯት ከፍ አለ።

ጎረቤቱ እትዬ ትርንጎ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክርስትና ማንሳት። ሳይወልዱ ሃምሳ ዓመት ሞላቸው። ከዳገቱ በላይ ያለችው የእህታቸው ልጅ ሴት ብትወልድ፣ ክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት አለቻቸው። ዛሬ ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ነው። ቄሱም ፀሐይ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ካለፈች አንጠብቅም፣ ሌላ ሴት ታነሳለች ብለዋል።

ጥጋቡ አሳፈራቸው። ሜዳውን ሸመጠጡት። በቅሎ አስለቅስ የሚባለው ዳገት ወገቡ ላይ ሲደርሱ ግን ጂፗ አጓርታ ቆመች።

እትዬ ትርንጎ ጂፗን ለመኗት። ጎማው ካልዞረ አልወጣ አለች።

ጎማውን ለመኑት። ድሮ ትንሽ ሳለሁ በትንሽ ጉልበት እዞር ነበር፤ አሁን ትልቅ ሆኛለሁ፣ አክስሉ አጥብቆ ካልጠመዘዘኝ አልዞር አለ። ጎማው አልዞር አለ፤ ጂፗ አልወጣ አለች፤ እትዬ ትርንጎ ክርስትና አላነሱም።

አክስሉን ለመኑት። ማርሽ የሚቀያይረው ካምቢዮ ጉልበት ካልጨመረልኝ አልጠመዝዝ አለ። አክስሉ አልጠመዝዝ፣ ጎማው አልዞር፣ ጂፗ አልወጣ አለች፤ እትዬ ትርንጎ ክርስትና አላነሱም።

ካምቢዮውን ለመኑት። አንደኛ ማርሼ የተሠራችው ለትንሹ ጎማ ነው፤ ለዚህ ጎልማሳ እንደ ሁለተኛ ማርሽ ጉልበት አንሷታል፣ ሞተሩ ካልበረታ አልጨምር አለ። ካምቢዮው አልጨምር፣ አክስሉ አልጠመዝዝ፣ ጎማው አልዞር፣ ጂፗ አልወጣ አለች፤ እትዬ ትርንጎ ክርስትና አላነሱም።

ሞተሩን ለመኑት። ጎማው ሲያድግ እኔን ማን አሳደገኝ፤ ትንሿ ማርሽ ገብታ ካላቀለለችልኝ አልበረታ አለ።

ትንሿ ማርሽ ከትልቋ ማርሽ አጠገብ የቆመች አጭር ዘንግ ናት። ፍጥነት ቀንሳ ጉልበት ትሰጣለች። ጥጋቡ ግን እሷን የሚነካ ፈሪ ሾፌር ነው እያለ፣ ኮፍያ መስቀያ አድርጓታል። ቢለምኗት፣ ይህ ኮፍያ ካልተነሳልኝ አልገባ አለች። ኮፍያውም ባለቤቴ ካላነሳኝ አልነሳ አለ።

ባለቤቱን ለመኑት። እኔ ጥጋቡ በትንሿ ማርሽ ስንፏቀቅ አገር ሊስቅብኝ ነው? አለና አኮረፈ። ጥጋቡ አላነሳ፣ ኮፍያው አልነሳ፣ ትንሿ ማርሽ አልገባ፣ ሞተሩ አልበረታ፣ ካምቢዮው አልጨምር፣ አክስሉ አልጠመዝዝ፣ ጎማው አልዞር፣ ጂፗ አልወጣ አለች። ፀሐይዋ ግን ትወጣለች።

እትዬ ትርንጎ እንባቸው መጣ።

«ስማ ጥጋቡ» አሉ። «እኔ ዛሬ ልጅ ላነሳ ነው ከቤቴ የወጣሁት። አንተ ካላነሳህ እኔ አነሳዋለሁ።»

ኮፍያውን መንጭቀው በነጠላቸው ላይ ደፉት። ጥጋቡ ትንሿን ማርሽ አየ፤ እንባቸውን አየ፤ አፈረና እጁን ወደ ዘንጓ ሰደደ።

ኮፍያው ተነሳ፤ ትንሿ ማርሽ ገባች፤ ሞተሩ በረታ፤ ካምቢዮው ጨመረ፤ አክስሉ ጠመዘዘ፤ ጎማው ዞረ፤ ጂፗም ቀስ እያለች ወጣች። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄድ የለ? አንድ የተጫነ አህያ ቀደማቸው፤ ጥጋቡ አንገቱን ደፋ።

ሲደርሱ ፀሐይ አጥሩ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ሌላዋም ሴት እጇን ዘርግታለች። ቄሱ በሾፌር ኮፍያ የመጡትን ክርስትና እናት ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። እትዬ ትርንጎ ኮፍያውን ለጥጋቡ መለሱለት።

«እንካ፤ ለኮፍያ መስቀያስ ራስህ ይበቃዋል» አሉት።

ከዚያ ልጃቸውን አነሱ።

እኔም ተረቴን መለስኩ፤ እናንተ አፌን በክርስትናዋ ድፎ አብሱልኝ።