የጆንያው ግርጌ

አንድ ጊዜ፣ አራዊትም እንደ ሰው ኪራይ መክፈል በጀመሩበት ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ዋሻ ውስጥ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ባሏን ጎርፍ ወስዶባታል። ውርንጭላዋን ሸጋው ብላ ጠርታዋለች፤ እውነትም ሸጋ ነበር፣ ጆሮው ብቻ ከሌላው አካሉ ቀድሞ አደገ እንጂ። እመት አህይት ከከርከሮዎች አውድማ ገብስ እየተሸከመች ጎተራ ታደርሳለች። ለድካሟ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ጆንያ ገብስ ይሰፈርላታል። ሣሩን በጋው ጠራርጎ ጨርሶታልና መተዳደሪያቸው ይኸው ገብስ ነበር። ለሁለት አፍ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከበሉት ነው እንግዲህ።

ዋሻው የጌታ አንበሳ ነው፤ ኪራይ አለው። ምንጩን ዝንጀሮዎች ይዘውታል፤ ለውሃ ይከፈላል። ሌሊት አያ ጅቦ በሯ ላይ ያንኮራፋል፤ እሱ ደግሞ የጥበቃ ይባላል። ይህን ሁሉ ዞሮ የሚሰበስበው ቀበሮ ነው። ለእግሩ ድካም ብሎ የራሱን ይቆነጥራል፤ ቀበሮ ሲቆነጥር ደግሞ በሁለት እጁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቀበሮ አያ ጅቦን ስልቻ አሸክሞ ከተፍ አለ።

«እንዴት ሰነበትሽ እመት አህይት? ልጅሽ ጡት ጣለ አሉኝ።»

«ጣለ፣ ተመስገን።»

«እሰይ! እንግዲያው የውሃው ይጨምራል። ውሃ የሚታሰበው በአፍ ነው፤ አሁን ሁለት አፍ ሆናችኋል።»

እመት አህይት ትንሽ ልትከራከር ፈለገችና የቀለለውን መረጠች።

«የጥበቃው ግን... ከማን ነው የምጠበቀው?»

«ከጅብ!» አለ አያ ጅቦ ፈጠን ብሎ።

«እዚህ አገር ካንተ ሌላ ጅብ አለ እንዴ?»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። ወደ ቀበሮ ዞሮ ዓይኑን አቁለጨለጨ።

«የለም» አለ ቀበሮ ለስለስ ብሎ። «ለምን የለም? ጥበቃው ጠንካራ ስለሆነ ነዋ!»

እመት አህይት ቁናዋን አነሳች። እናቷ ያስተማረቻት ወግ አለ፦ መጀመሪያ ለውጭ ሰው ይሰፈራል፣ ቤተኛ ከተረፈው ይበላል። ለውጭ ሰው ሲሰፈር ደግሞ ቁናው ከአፉ በላይ ይቆለላል፤ ልክ ልኩን መስፈር ነውር ነው። ለአንበሳ ቆልላ ሰፈረች፤ ለዝንጀሮዎች ቆልላ ሰፈረች፤ ለጅብም ቆልላ ሰፈረች። ከቁልሉ የሚፈሰውን እንኳ ጠርጋ ስልቻቸው ውስጥ ጨመረችላቸው።

«በዚህ ሁሉ ደጃፍ እንዳንቺ ያለ ከፋይ አላየሁም» አለ ቀበሮ። «ጌታ አንበሳ ራሳቸው ስምሽን በመልካም ያነሱታል።»

እመት አህይት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ምስኪን! ለዚህች አንዲት ቃል ስትል ነበር ጀርባዋ የሚላጠው።

ሄደው ሲያበቁ ሸጋው ከጥጉ ብቅ አለ።

«እማዬ፣ የኔስ?»

«ከግርጌው አለልህ፣ የኔ ጌታ።»

ጆንያውን ገልብጣ አራገፈችው። አንድ እፍኝ ገብስ ከአቧራና ከጠጠር ጋር ወረደ። ሸጋው ጠጠሩን በከንፈሩ እየለየ በላ። እሷ አውድማው ላይ ገለባ ቃርሜያለሁ ብላ ፊቷን አዞረች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። የሸጋው ጆሮ ብቻ አደገ፤ ሌላው አካሉ ባለበት ቀረ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው እማማ ጃርት ልትጠይቃቸው ገብታ ልጁን ተኝቶ አገኘችው። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። እማማ ጃርት ክው አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ገብስ ተሸክመሽ ልጅሽ የሚሆነው ይሄ ነው?»

«ክፍያው በዛብኝ፣ እማማ።»

«በዛብኝማ ትያለሽ፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰፈርለት ግን አልጠየቅሽም። ስሚኝ። ጆንያው እንደመጣ ግማሹን ለአፋችሁ ለዪው። ከቀረው ላይ ለክረምት ትንሽ ደብቂ። የተረፈው ለነሱ ይብቃቸው። አይበቃንም ካሉ ዋሻቸውን ጥለሽላቸው ነይ፤ እኔ ጎን ጉድጓድ እቆፍርልሻለሁ።»

«አህያ ጉድጓድ ውስጥ ልትኖር? ከፋይ አይደለችም ተብዬ? ስሜስ?»

«እንግዲያው ስምሽን ስፈሪለትና ይብላ!»

እመት አህይት ተቆጣች። ጃርትን በሩን አሳየቻትና ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነፈገቻት። እውነት ሲነገራት የሚከፋት እሷ ብቻ አይደለችም፤ አይፈረድባትም።

ነገር ግን በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ሸጋው እንደ ወትሮው በሩ ላይ አልተቀበላትም። ተጠራ፣ አልተነሳም። ጆሮዎቹን ብቻ ወደ እሷ አዞረ።

ቅዳሜ ገብሷን ተቀብላ ቤቷ የገባችው እየሮጠች ነው። ቀበሮ ከውጭ «እመት አህይት! እመት አህይት!» ሲል ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገዛ ልጇ ቁና አነሳች። ከአፉ በላይ ቆልላ፣ ጠጠሩን ለቅማ፣ አፍንጫው ሥር አኖረችለት።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አለ ሸጋው።

«ያንተ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«ቀበሮ አይቆጣም?»

«ይቆጣ! ይፈንዳ! አንተ ብቻ ብላ።»

አንድ ጉርሻ ወሰደ። አላመጠ፣ አላመጠና መዋጥ አቃተው። ሆዱ ምግብ መቀበል ትቷል። ገብሱ በከንፈሩ ጠርዝ ተመልሶ ወረደ።

«አትዘኝብኝ፣ እማዬ» አለ። «ይሄ በዛብኝ። ግርጌውን ስጪኝ፤ እሱን ለምጄዋለሁ።»

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሞተ።

መቃብሩን የቆፈረችው ያቺው እማማ ጃርት ናት። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ቀበሮና አያ ጅቦ ነበሩ። አያ ጅቦ ከሁሉ በላይ ጮሆ አለቀሰና እንባውን ሳይጠርግ «ለመሆኑ የት ነው የቀበራችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ቀበሮ በክርኑ ጎሰመው።

በሳምንቱ ቀበሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ ስልቻውን ይዞ መጣ።

«እግዜር ያጽናሽ። ክፍያው እንደ በፊቱ ነው።»

«አፍ ጎድሏል እኮ፣ አያ ቀበሮ» አለች ቀስ ብላ። «ውሃ በአፍ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ያ የቀድሞው ነው። አሁን በበር ሆኗል። በርሽ ደግሞ ድሮም አንድ ነው፣ ዛሬም አንድ ነው።»

ለመከራከር አቅም አልነበራትም። እጇ የለመደውን ሠራ፦ ለአንበሳ ቆለለች፣ ለዝንጀሮዎች ቆለለች፣ ለጅብም ቆለለች። ሲሄዱ ጆንያውን ገልብጣ አራገፈችው። ያው አንድ እፍኝ ወረደ። ጠጠሩን ለቅማ ወደ ጥጉ ዞረችና «ና፣ ሸጋው» ብላ ተጣራች። ከዚያ አፏን እንደከፈተች ቆማ ቀረች።

እፍኟን ልትበላት አልቻለችም፣ ልትጥላትም አልቻለችም። ልጇ ይተኛበት የነበረው ቦታ ላይ አኖረቻት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀበሮ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ አያት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

እመት አህይት ፊቷን ወደ ጥጉ አዞረች።

«ትርፍ ነቻ!» አለ ቀበሮ ፊቱ በርቶ። «እንዲህ የሚተርፍሽ ከሆነማ የጥበቃው ላይ ትንሽ እንጨምራለን።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለውጭው ሁሉ ቆልሎ እየሰፈረ ቤቱን ከጆንያው ግርጌ የሚያበላ ሰው፣ ገብስ የሚተርፈው የሚበላለት ያጣ ቀን ብቻ መሆኑን ነው።