ጢም የታሰረላት ንግሥት

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።
፦ የዛሬው እንኳ የላም አይደለም፤ የዓባይ ነው። ጥሩዓለም፣ ወሬሽን ተይና ጠጋ በይ። እኔ እንደሆን አንዴ ነው የማወራው።

በድሮ ዘመን፣ ይሄ የኛው ዓባይ ወርዶ ወርዶ በሚደርስበት በግብፅ አገር፣ አንድ ንጉሥ ነበር። ወንድ ልጅ አልወለደም። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ስሟ ሄኑት ይባላል። እናቷ በወሊድ ሞታባት፣ ሙቲ የምትባል ሞግዚት ጡት አጥብታ አሳደገቻት። ልጅቷ ማታ ማታ ከጨዋታ ስትመለስ ሙቲ ሌላ ነገር አትጠይቃትም። በላሽ? ትላታለች። ልጅቷም፣ በላሁ እማዬ ትላለች። ሳትበላም በላሁ ትላለች እንጂ፤ ልጅ አይደለች? ሙቲ ግን ታውቃታለች። እንቅብ ደፍታ ያስቀመጠችውን የገብስ ቂጣ ታወጣና ታጎርሳታለች።

ከዚያም ንጉሡ ሞተ። ሄኑት ትንገሥ ተባለ። አጎቷ ግን ዙፋኑን ይመኘው ነበርና፣ ወንዙ የሚሞላው ንጉሥ ሲያዘው ነው፤ ሴት ብታዘው እምቢ ብሎ ይቀራል፤ አገሩም በረሃብ ያልቃል አለ። ሕዝቡ ፈራ። ሽማግሌዎቹ ተማከሩ፣ ተማከሩና መላ አገኘን አሉ። ወንዙን ሊያታልሉት ነው እንግዲህ። ከፍየል ፀጉር ጢም አሠሩላት። ክሩ ከጆሮዋ ኋላ ይታሰራል። ከዛሬ ጀምሮ «ንጉሡ» ትባላለች፣ «እርስዎ» ትባላለች፤ «አንቺ» ያላት ሰው ከአሸዋው ማዶ ይሰደዳል፤ እሷም ይህን ካፈረሰች ዙፋኑ ለአጎቷ ነው ተብሎ ታወጀ። እኔ «እሷ» ነው የምላት። እስቲ ማን እንደሚያሰድደኝ አያለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ጢሙን ያሰረችላት ሙቲ ናት። እንዳያማት አላልታ አሰረችው።

ሄኑት ነገሠች። ድምፅዋን ማጎርነን ተማረች፤ እንደ ወንድ መራመድ ተማረች። ፍርዷም ደግ ነበር፤ ጎተራው ሁሉ ሞላ። በሦስተኛው ዓመት የወንዙ በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን ንጉሥ የሆነ ሰው እህል ሳይቀምስ ከንጋት ጀምሮ ወንዙ ዳር ይቆምና «ሙላ» ብሎ ያዘዋል። አገሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ፀሐይዋ ከረረች። ሙቲ ከሴቶቹ መሀል ሆና ሄኑትን አየቻት። ከንፈሯ ደርቋል። የሙቲ አንጀት አልቻለም። አዋጁም ጠፋባት፣ ሕዝቡም ጠፋባት።

፦ ልጄ፣ በላሽ? አለቻት።

ወይ ጉድ። ያ ሁሉ ሰው ሰማ። አጎትየው ዞር ብሎ ሄኑትን ያያታል። ማሯት ብትል ጢሙም ዙፋኑም ያኔውኑ ይወልቃሉ። ሄኑት አፏን ከፈተች። ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ወታደሮቹ ሙቲን በክንዷ ይዘው ወሰዷት። ወንዙም በዚያው ሳምንት ሞላ። ሰዉ እሰይ አለ፤ እሷ ግን ያን ማታ እህል አልቀመሰችም።

ከዚያ ወዲያ ጢሙን በየጠዋቱ የሚያስረው አጎትየው ሆነ። እንዳይወልቅ እያለ ያጠብቀዋል። ማታ ማታ አሽከሮቹ እጅ ነስተው፣ ጃንሆይ ማዕድ ቀርቧል ይላሉ። ምግቡማ ሞልቷል። በላሽ የሚላት ነው የጠፋው። አንዳንዴ ብቻዋን ስትሆን ራሷን «በላሽ?» ብላ ትጠይቃለች አሉ። በዚያ በጎረነነ ድምፅ ሲወጣ ያስጠላትና ትተወዋለች። ናፈቀቻት። ምን ልበላችሁ፣ ሰው እናቱን እንደሚናፍቅ ናፈቀቻት።

እንዲህ እያለች ሰባት ዓመት ሆነ፤ አጎትየውም ሞተ። ሄኑት ቀብሩን ጨርሳ አላደረችም። በአህያ ሦስት ቀን ተጉዛ፣ አንድ ጉድጓድና ሦስት የተምር ዛፍ ያለበት ቦታ ደረሰች። ጎጆ አለ፤ ሙቲም ደጁ ላይ ተቀምጣለች። አሸዋው ዓይኗን አጥፍቶታል። ሄኑት ጢሙን ፈታችና፣ እኔ ነኝ አለቻት።

፦ አንተ ማነህ አባቴ? አለች ሙቲ።

ድምፁን ሰምታ ወንድ መስሏታል። አያችሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው አንዲት «አንቺ» ፍለጋ ነው፤ «አንተ» ተባለች። ሄኑት እግሯ ሥር ተደፍታ አለቀሰች። ሙቲም ይሄ እንግዳ ምን ሆነ ብላ ፊቱን ዳሰሰች። ጉንጩን ዳሰሰች፣ ጆሮውን ዳሰሰች። ከጆሮው ኋላ ክር የቆረጠው ጠባሳ አለ። ጣቷ እዚያ ሲደርስ ቆመ።

፦ እኔ አላልቼ ነበር ያሰርኩት። ማነው እንዲህ ያጠበቀብሽ? አለች።

ጠባሳውን ዳበስ አደረገችና ደግሞ፣

፦ በላሽ? አለቻት።

እንቅቡን ገልጣ ቂጣ አወጣች። ሰባት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አንዲት ቂጣ ለሷ ታስቀምጥ ነበር። ሲነጋ ለወፎች ትሰጣለች፣ ሲመሽ ሌላ ታስቀምጣለች።

ሄኑት አብረሽኝ ነይ ብትላት እምቢ አለች። እዚያ ከመጣሁ እኔም «እርስዎ» ማለት እለምዳለሁ፤ እዚሁ ሆኜ አንቺ ልበልሽ አለቻት። ሄኑትም ተመልሳ አዋጁን ሻረች። የፈለገ ሰው አንቺ ይበለኝ አለች። አንድም ሰው አልደፈረም። አብሮ አደጎቿ እንኳ አፋቸው ለምዶ፣ እሺ ጃንሆይ እያሉ እጅ ነሱ። ስለዚህ በየዓመቱ ወንዙ ሲጎድል ትሄዳለች። በላሽ ትባላለች፣ በልታ ትመለሳለች።

አንድ ዓመት እንደልማዷ ሄደች። ደጁ ላይ ማንም የለም። ከጉድጓዱ አጠገብ የድንጋይ ክምር አለ፤ የተምር ነጋዴዎች ሞታ አግኝተው ቀብረዋት ሄደዋል። ሄኑት ጎጆው ውስጥ ገባችና እንቅቡን አነሳችው። ቂጣዋ አለች፤ ደርቃለች። ውሃ ነክራ፣ ቁጭ ብላ እስከ ፍርፋሪዋ በላቻት። የሚጠይቃት ሰው የለም። እሷ ግን መለሰች።

፦ በላሁ፣ እማዬ።

በሉ፣ እኔ ተረቴን አጉርሻችኋለሁ፤ እናንተ ደግሞ ዳቦ አጉርሱኝ። ስታጎርሱኝም፣ ይብሉ እማማ እንዳትሉኝ። እኔን አንቺ ይሉኝ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አልቀዋል። ጥሩዓለም፣ ደፋሯ አንቺ ነሽ። እስቲ ጠጋ በይና፣ በላሽ? በይኝ።