ግጦሽ ያቃጠለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ፀሐዩ ድንጋይ በሚያግልበት ቆላ፣ ከራሱ ይልቅ ሆዱ የሚያስብለት ጅብ ይኖር ነበር። በዚያ አገር ሣሩ አርጅቶ ሲደርቅ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል እንስሳቱ ተመካክረው ሜዳውን ያቃጥላሉ። ዝናብ ሲያገኝ ለጋ ሣር ብቅ ይላል፤ ጠንከር እስኪልም ማንም አይነካውም። ከዚያ ሚዳቋው፣ ቆርኬው፣ አህያው ይግተለተላል። ጅብም ከኋላቸው።

አንድ ዓመት ጅብ ጠግቦ በተጋደመበት ሐሳብ መጣለት። መምጣቱ ራሱ ጉድ ነው።

«እመት ቀበሮ፣ አንድ እሳት ይህን ያህል ካበላኝ፣ ሁለተኛው ምን ያህል ሊያበላኝ ነው?»

ቀበሮ እሳት የሚሸሹ አይጦችን ቁጭ ብላ መልቀም ትወዳለች። «አያ ጅቦ! ይህን ሁሉ ጭንቅላት የት ደብቀኸው ኖርክ?» አለችው።

ጅብ በሙገሳው ሰክሮ፣ የሚነድ እንጨት ነክሶ ሮጠ። ጢሙ ተለበለበ፤ ሜዳውም ነደደ። ያቆጠቆጠችውን ጥቂት ሣር የተራቡት እንስሳት ከሥሯ ጋጧት። ጅብም «ሣሩ እሳት አንሶት ነው» ብሎ ደገመው። ሜዳው አቧራና እሾህ ሆነ፤ እንስሳቱም ተሰደዱ።

ጅብ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«ሣሩን ምን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ? እኔ የአይጥ ሰው ነኝ» አለች አፏን እየላሰች።

መጨረሻ ላይ የምትሰደደው አህያ ከሩቅ ኮረብታ ጮኸችለት። «አያ ጅቦ፣ ሣር የሚኖረው በሥሩ ነው! ቅጠሉ ሥሩን ሳይመግብ አንተ አቃጠልከው፣ እኛም ጋጥነው። ሲዘንብ ይረፍ፤ ያኔ እንመለሳለን!»

ዝናቡ መጣ። ጅብ አንዲት አረንጓዴ ቡቃያ ሲያይ እንባው መጣ። የደረቀ አጥንት እየቆረጠመ ቀን ከሌት ይጠብቃት ጀመር። ሣሩ መስፋፋት ሲጀምር ያቺው አህያ መታገሥ አቅቷት መጣች፤ ወፍራለች፣ ጀርባዋ ያብረቀርቃል። የጅብ አፍ ምራቅ ሞላ። ከንፈሯ ሣሩን ሲነካ ግን ልቡ ልትወጣ ደረሰች።

«ተይ! ገና ነው! አልጠናም እኮ! ውጪ ከዚህ!»

እስከ ኮረብታው ድረስ አባረራት። ተመልሶ ሣሩን ቢያይ አንድም ቅጠል አልተነካም፤ ደስ ብሎት ተጋደመ። አህያ እንደሚበላ ትዝ ያለው ሆዱ ሲጮህ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ እሳቱም ግጦሹም ጊዜውን ካልጠበቀና ሜዳው ካላረፈ፣ ሣር ቀምሶ የማያውቀውም ጭምር ጦሙን እንደሚያድር ነው።