የዝሆኑ ጀርባና የመውረጃው መንገድ

ተረት ተረት በሉኝና የአንድ ሽማግሌ ዝሆን ጀርባ ልበላችሁ።

ዝሆኑ ዕድሜውን ሙሉ እንስሳቱን አዝሎ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ሲያንሸራሽር ኖረ። ከጀርባው ሲወርዱ የሚሄዱበት የድንጋይ መንገድ አርጅቶ ስለተነቃነቀ፣ ወዳጆቹ እዚያው ጀርባው ላይ እንዳሉ ሸንጎ ተቀመጡ።

ትዝታ የማይለቃት ጦጣ፣ «አንድ ድንጋይ እንዳትነኩ፤ እናቴ አዝላኝ የወረደችው በዚህ ነው» አለች።

ማፍረስ የሚወደው ከርከሮ፣ «ፈርሶ ሰፋ ተደርጎ ይሠራ» አለ።

የዝሆኑ ጉልበት ከከዳው ሰንብቷል። ይህንኑ ሊናገር ኩምቢውን አነሳ።

«አባታችን፣ ደንቡን ያውቁታል፤ ተሳፋሪ ሳይጨርስ ተሸካሚ አይናገርም» አለችው ጦጣ።

ኩምቢውን አወረደ። ደንቡ ሲወጣ፣ በጉልበቱ ዘመን፣ እኔ ደግሞ ምን የምናገረው ይኖረኛል ብሎ የተስማማው ራሱ ነበር።

ክረምቱ በክርክር አለፈ። አንድ ቀን ዝሆኑ ሊያወርዳቸው እንደተንበረከከ ሳይነሳ ቀረ።

«እኛ ጨርሰናል፤ ተራው የእርስዎ ነው» አለችው ጦጣ። ዝሆኑ ግን ትንፋሹ ተቋርጦ ነበር።

ከዚያ ከርከሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አሁንማ መንገዱን ማስፋት ግድ ነው፤ ሬሳው በዚህ አያልፍም» አለ።

«አንድ ድንጋይ አትነካም» አለች ጦጣ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዝሆኑን እንደሆነ የሚመልሰው የለም።