ከመርዶው የቀደመ ምስጋና

አንድ ሰው ነበረ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ሰፈር ዕድር ዳኛ። አዝመራው ይሉታል። ሥራው ድንኳን ማስተከል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መርዶ መንገርም የእርሱ ዕጣ ነበረ። አንደበቱ የተገራ፣ ሆዱ የሰፋ ሰው ስለሆነ ክፉ ወሬ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ወደ እርሱ ይሮጣል።

መርዶ መቼ እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከመንገደኛ አፍ ሳይሰማ። አዝመራው በስንቱ በር ላይ ቆሟል! ስንቷን እናት ደግፎ ይዟል! አንድ ቀን ግን መርዶው ከበደው።

እማማ ትርንጎ የሚባሉ መበለት ነበሩ። አንዳርጌ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሌላ ልጅ የለ፣ ወንድም የለ፣ እህት የለ። ያ ልጅ አንድ ማታ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ወሬው ለአዝመራው ደረሰ። እናቱ ግን አልሰሙም።

እኚህ እናት አንድ ልማድ ነበራቸው። ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው እግዚአብሔርን ሳያመሰግኑ ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጡም። ንጉሥ ቢመጣ አይለዋወጡም። የሰፈሩ ጎረምሶች ይቀልዱባቸዋል፤ «እማማ ትርንጎን ጠዋት ሰላም ያለ፣ ምላሹን ለምሳ ያገኛል» ይላሉ። እርሳቸውም ይስቃሉ። «የቀኑ የመጀመሪያ ቃል ባለቤት አለው፤ ለእናንተ የተረፈው ይበቃችኋል» ይሏቸዋል።

አዝመራው ታዲያ ምን አሰበ? «ጸሎት ሳይጀምሩ እንድረስ» አለ። «ምስጋናቸውን ቆሜ የምሰማበት አንጀት የለኝም።» ጎረቤቱን ሰብስቦ በዚያ ብርድ፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ሳለ ገሰገሰ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

የቆርቆሮውን በር አንኳኳ። እማማ ትርንጎ የታጠቡት ውሃ ከፊታቸው ሳይደርቅ ከፈቱ።

አዩ። ያን ሁሉ ሰው አዩ፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፤ መሬት መሬት የሚያየውን ዓይን አዩ። በዚህ አገር ያደገ ሰው በንጋት በሩ ላይ እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲያይ ምን መጣ ብሎ ይጠይቃል? አይጠይቅም። እማማ ትርንጎ ደግሞ ከአንድ ልጅ በቀር ሞቱ የሚነገራቸው ሰው የላቸውም።

«እማማ...» አለ አዝመራው።

እጃቸውን አነሡ። ቃል አልተናገሩም። በሩን ሳይዘጉት ዞሩ፤ ግቢያቸው መካከል ሄደው ወደ ምሥራቅ ቆሙ፤ አማተቡ።

«ስላሳደርኸኝ ተመስገን» አሉ።

አዝመራው አጥሩን ያዘ። ያስቁማቸው? በምን አፉ?

«ስለ ብርሃንህ ተመስገን። ስለ ጎረቤቶቼ ተመስገን፤ ዛሬም ብቻዬን አላቆምኸኝም።» ድምፃቸው ይቆረጣል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ፀሐይ ብቅ አለች፤ በሣሩ ላይ ያለው አመዳይ ሁሉ ማብረቅረቅ ጀመረ።

ቀጥሎ የሚመጣውን በር ላይ የቆመው ሁሉ ያውቃል። ጎረቤት የጎረቤቱን ጸሎት በአጥር ይሰማላ! ጠዋት ጠዋት «አንዳርጌን ስለ ሰጠኸኝ ተመስገን፤ በሰላም መልስልኝ» ነው የሚሉት። ዛሬ ምን ይሉ ይሆን? ይዘሉት ይሆን? አምላካቸውን ይቀየሙት ይሆን? ቢቀየሙትስ ማን ይፈርድባቸዋል?

«አንዳርጌን ስለ ሰጠኸኝ ተመስገን» አሉ።

ደግመው አማተቡ። ወገኖቼ፣ ቀጥሎ ያሉትን ስሙ።

«በሰላም ተቀበልልኝ።»

አዝመራው ሳያስበው ጫማውን አወለቀ። በዚያ አመዳይ ላይ በባዶ እግሩ ቆመ። ስንት ቅዳሴ አስቀድሷል፤ ስንት ደጀ ሰላም ተሳልሟል፤ እግዚአብሔር ግን እንደዚያ ጠዋት ቀርቦት አያውቅም። ፈራ። በዚያች የቆርቆሮ በር ሥር፣ መቅደስ ደጃፍ የቆመ መሰለው።

እማማ ትርንጎ ዞሩ። «እንዴት አደራችሁ?» አሉ።

መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ስንቴ ብላችሁታል። ግን ማን ይመልስ? ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አዝመራው እንደ ምንም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለው ያህል ከበደው።

«አሁን ንገረኝ፣ ልጄ።»

ነገራቸው።

አውቃለሁ፤ ልጁ በሕይወት ተገኘ ብዬ ብነግራችሁ ትወዳላችሁ። እኔም ብነግራችሁ እወድ ነበር። ሞቷል። እማማ ትርንጎስ? አለቀሱ እንጂ! ደረታቸውን እየደቁ፣ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ጮኹ። እናት ናቸው። ያመሰገነ አያለቅስም ያላችሁ ማን ነው?

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አዝመራው ተጠግቶ፣ «እማማ፣ ያን ሰዓት እንዴት ቻሉት?» አላቸው።

«እኔ ምን ቻልሁ፣ ልጄ» አሉ። «አፌ ለምዶት ነው እንጂ።»

አፌ ለምዶት ነው! ሰማችሁ? ያን ምስጋና በዚያ ጠዋት አልተማሩትም። በዚያ ጠዋት መማር አይቻልም። ልብ ሲሰበር አፍ የሚያወጣው የለመደውን ነው። ምንም ባልሆነባቸው ጠዋቶች፣ እንቅልፍ እየጎተታቸው፣ ወገባቸውን እያመማቸው ያሉት «ተመስገን» ነው ያን ዕለት ደግፎ ያቆማቸው።

የእኛስ አፍ ምን ለምዷል? ዓይናችን ሳይገለጥ እጃችን ስልክ ይዳብሳል። ማን ምን አለ፣ ማን ማንን ሰደበ፣ ምን ተወደደ። ፊታችንን ሳንታጠብ የአገሩን ጭቅጭቅ ሁሉ እንጠግባለን። ከዚያ ጎረቤት «እንዴት አደርህ?» ሲለን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። መልካም ነው። ለጎረቤታችን ነገርነው። ለራሱ ለእግዚአብሔርስ ነገርነው?

የማይንኳኳ በር የለም፤ ይህን እኔ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ነገ ጠዋት ግን ምናልባት ማንም አያንኳኳ ይሆናል። ምንም የማይሆንበት ተራ ጠዋት ይሆናል። እርሱን አታሳልፉት! ተነሡ፤ ፊታችሁን ታጠቡ፤ ከሰው ጋር ሳትነጋገሩ በጌታ ፊት ቁሙ። የተኙትን ልጆቻችሁን በየስማቸው ጥሩና «ስለ ሰጠኸኝ ተመስገን» በሉ፤ ገና ትንፋሻቸው እየተሰማችሁ።