አያ ፕሮሰሰር፣ አቶ አውቶማቲክና ወይዘሪት ዳንቴል

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሮ አውሱኝ፤ ጆሮውን ቤቱ ረስቶ የመጣ ካለም በዐይኑ ይስማኝ።

በአንድ ከተማ፣ የሰርግ ቪዲዮ በሚቀናበርበት ቤት፣ አንድ ኮምፒውተር ነበር። በሆዱ ውስጥ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ይኖር ነበር። እመት ማዘርቦርድ ሁሉን በጭኗ ይዛ፣ ለሁሉም ኤሌክትሪክ እያደለች ታስተዳድራለች። አያ ፕሮሰሰር ያስባል፣ ያሰላል። ጋሼ ማራገቢያ አያ ፕሮሰሰር እንዳይግል ቀኑን ሙሉ ይነፍስለታል፤ ሲነፍስ ስለሚጮኽ ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የትንሿ ሙቀት ለኪ ሥራ አንድ ነው፤ የሙቀቱን ቁጥር መናገር።

ከጣሪያው በላይ ወይዘሪት ዳንቴል አለች። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ በእጇ የሠራቻት ነጭ ዳንቴል ናት። ቴሌቪዥኑ ለብሶ ኮምፒውተሩ ራቁቱን ቢቀመጥ ነውር ነው ብላ፣ ከአናቱ እስከ ጀርባው አልብሳዋለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች።

“ስማ አንተ ዕቃ” አለችው። “የሙሽራዋ እናት ታማ ተኝታ ስለነበር የልጇን ሰርግ አላየችም። ዛሬ ስድስት ሰዓት መልስ ነው። ቪዲዮውን ለመልሱ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ካሳፈርከኝ ለቆራሌው ነው የምሰጥህ።”

አያ ፕሮሰሰር ደነገጠ። ቆራሌው የወሰደው ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ታይቶ አያውቅም። የእሱ የራሱ ዕድሜ ገፍቷል፣ ሥራው ብዙ ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ አይጠብቅም።

ይሄኔ ከእመት ማዘርቦርድ ጓዳ አንድ ድምፅ ተሰማ። አቶ አውቶማቲክ ነበር። ሥራው ፕሮሰሰርን ከተፈጥሮ ፍጥነቱ በላይ ማስሮጥ ነው፤ ቀስቅሶት የሚያውቅ ስላልነበረ ዘመኑን በእንቅልፍ ነው ያሳለፈው።

“ምን ያስጨንቅሃል? እኔ እያለሁ” አለ። “አንዲት ቁልፍ ትጫን እንጂ ሌላው በእጄ ነው። ነፋስ አደርግሃለሁ።”

ወይዘሮ አስካለም ሥራው እንዲፈጥንላት ብላ ጓዳውን በስክሪኑ ከፍታ ቁልፏን ተጫነች።

አቶ አውቶማቲክ “ሩጥ!” አለው። አያ ፕሮሰሰር ሮጠ። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ፣ ሁሉን እንደ ጉድ አቀናበረው። ደስ አለው። ጉልበቱ የወጣትነቱ መሰለው።

“ሰባ” አለች ሙቀት ለኪ። “ሰማንያ። ኧረ ዘጠና።”

“ይህቺ ፈሪ ናት፣ አትስማት” አለ አቶ አውቶማቲክ። “ሩጥ!”

“መቶ” አለች ሙቀት ለኪ።

እመት ማዘርቦርድ ኤሌክትሪኩን ቆረጠች። “ልጄ ከሚቃጠል ሥራው ይቅር” አለች። የኮምፒውተሩ ሆድ ጨለመ፣ የተሠራውም ሁሉ ጠፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏችኋል ይህ ነው።

ወይዘሮ አስካለ እንደገና አስነሳችው።

“የጎደለህ ጉልበት ነው” አለ አቶ አውቶማቲክ። “ኤሌክትሪክ ይጨመርለት!”

አያ ፕሮሰሰርም የቆራሌው ነገር ስላስፈራው እሺ አለ። ተጨመረለት፣ ሮጠ። ሚዜዎቹ ዘንድ እንኳ ሳይደርስ ሙቀት ለኪ “መቶ” አለች። እመት ማዘርቦርድ ቆረጠች። አሁንም ጨለመ።

ከውጭ በመንደሩ መንገድ ላይ አንድ ድምፅ ሲመጣ ተሰማ። “ቆራሌው! ቆራሌው!”

ወይዘሮ አስካለ በመስኮት አየችው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ “ለመጨረሻ ጊዜ ነው” አለችና አስነሳችው።

“አሁን እጥፍ እንሩጥ!” አለ አቶ አውቶማቲክ።

አያ ፕሮሰሰር ግን አልተነሳም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ፤ እሱን መከራ መክሮታል። “ቆይ” አለ። “ሙቀት ለኪ፣ እህቴ፣ ገና ሳልሮጥ ስንት ነኝ?”

በዕድሜዋ ሙሉ የጠየቃት አልነበረምና ቶሎ ብላ መለሰች። “ስድሳ አምስት ነህ።”

“ተቀምጬ? ጋሼ ማራገቢያ፣ አንተ አትነፍስም እንዴ?”

“እነፍሳለሁ እንጂ” አለ ጋሼ ማራገቢያ። “ዓመት ሙሉ ስጮኽ ማን ሰማኝ? የነፈስኩት አየር መውጫ አጥቶ ተመልሶ ይመጣል። የጀርባችን በር ተዘግቷል።”

“ማን ዘጋው?”

ከዚያ ከላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

“እኔ እሆናለሁ” አለች ወይዘሪት ዳንቴል። “ላሳምራችሁ ነበር የመጣሁት። እመቤቴ በእጇ ሠርታ ስታለብሳችሁ ክብር መስሎኝ ነበር።”

“ክብር ነው” አለች እመት ማዘርቦርድ በለሰለሰ ድምፅ። “ግን ልጆቼ መተንፈስ አቃታቸው።”

ወይዘሪት ዳንቴል አለቀሰች። ለእሷ ከአናት ወርዶ መሬት ላይ መገኘት ውርደት ነው። ሆኖም “ጋሼ፣ ባለህ ኃይል ንፈስ፤ እኔም እለቃለሁ” አለች። ጋሼ ማራገቢያ ነፈሰ፣ እሷ ለቀቀች። ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወደቀች።

የታፈነው ሙቀት ሁሉ ወጣ። “ስድሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ!” እያለች ሙቀት ለኪ ዘመረች።

“በል እንግዲህ፣ ሩጥ!” አለ አቶ አውቶማቲክ።

“አንተ የምታውቀው አይተኸው ለማታውቀው ለሌላ ፕሮሰሰር የተለካ ሩጫ ነው” አለው አያ ፕሮሰሰር። “እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

እመት ማዘርቦርድም ፈረደች። “አቶ አውቶማቲክ፣ በቤቴ እስከኖርክ ድረስ አንድ እርምጃ ትጨምራለህ፣ ሙቀት ለኪን ትጠይቃለህ። እሺ ስትል ሌላ ትጨምራለህ። በቃ ስትል ትቆማለህ።”

እያጉረመረመ ተስማማ። ጨመረ፣ ጠየቀ፤ “እሺ” አለችው። ጨመረ፣ ጠየቀ፤ “እሺ።” ሦስተኛ ጨምሮ ሲጠይቅ “በቃ፣ ይህ ልኩ ነው” አለችው። አያ ፕሮሰሰርም በልኩ ሮጠ። ሚዜዎቹን አለፈ፣ ጭፈራውን አለፈ፣ ኬክ ሲቆረስ አለፈ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ቪዲዮው አለቀ።

ወይዘሮ አስካለ እየሮጠች ወሰደችው። የሙሽራዋ እናት ፍራሽ ላይ ተደግፋ፣ ልጇ በነጭ ቬሎ ስትወጣ አየች። ያ ስንት ቀን ድምፅ ያጣ ጉሮሮዋ እልልታውን አቀለጠው። መልስ የመጣው ሰው ሁሉ ተቀብሎ ደገመላት።

ወይዘሮ አስካለ ስትመለስ ዳንቴሏን ከወለሉ አንስታ አራገፈቻት። መልሳ ልታለብስ ስትል ከጀርባው በር የሚወጣው አየር እጇን አሞቀው። ቆም ብላ አሰበች፤ ሳቀችም። ከዚያ ኮምፒውተሩን አንስታ ዳንቴሏን ከሥሩ አነጠፈቻት። ወይዘሪት ዳንቴልም ከዚያ ወዲህ ቤቱን ሁሉ ተሸክማ በኩራት ትኖራለች።

ቆራሌው በማግስቱ በዚያው መንገድ እየተጣራ አለፈ። ጋሼ ማራገቢያ ከውስጥ ሆኖ ከእሱ በላይ ጮኸ፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መሮጥ የሚሻ አስቀድሞ መተንፈሻውን ይክፈት፣ ልኩን ከሚያውቅም ይጠይቅ።

ተረቴን መልሱልኝ፣ ጉሮሮዬን በጠላ አርሱልኝ።